ጋሼ ወጣት ሊያጠምዱ ሲወጡ

ጋሼ «ወጣት ያስፈልገናል» ማለት የጀመሩት ጠረጴዛው ዙሪያ ሦስት ሰው ብቻ በቀረን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ወጣት አስፈልጓቸው አያውቅም። እንዲያውም ወጣት ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁር ነበር።

ጨዋታው ምን እንደሆነ አስቀድሜ ላስረዳ፤ ለእናቴ በስልክ ለማስረዳት ሞክሬ ቁማር መስሏት ስለት ልትሳልልኝ ነበር። ሰሌዳ የለውም፤ ገንዘብም አይያዝበትም። ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ዳኛ ይሆናል። ዳኛው «መንኮራኩራችሁ ሰው ረግጧት ከማያውቅ ፕላኔት አጠገብ ሞተሯ ጠፋ» ይላል። ሌሎቹ አንዱ ፓይለት፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ኮንትሮባንዲስት ሆነው፣ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ እንደሆነ ዳይስ የሚባል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚጣል ባለ ነጥብ ጠጠር ይወስናል። በአጭሩ አብሮ ተረት መፍጠር ነው። ይህችን ለምታህል ነገር ጋሼ ግማሽ ቀን የሚፈጅ መግቢያ ነበራቸው።

ጋሼ ጋርዴና ከተማ ካለ የአውሮፕላን ዕቃ ከሚሠራ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጨዋታውን ያስተማሯቸው በጉብዝናቸው ዘመን አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩ ፈረንጆች ናቸው። የደንብ መጽሐፋቸው ያው የዚያን ጊዜው ነው፤ ጀርባው በፕላስተር ተጣብቆ እንደ ዳዊት ይዘውት ይዞራሉ። አዲስ እትም ወጥቷል ስንላቸው «ለሰነፍ የተጻፈ ነው» ይሉ ነበር። ገልጠው አይተውት አያውቁም።

እኔን ወደዚያ ጠረጴዛ ያመጣኝ የዚያን ጊዜው ፍቅረኛዬ ነበር። እሱ ከጠረጴዛውም ከእኔም ባንድ ሰሞን ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። ፋርማሲ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ የሰው መድኃኒት ስሞላ ከርሜ፣ ቅዳሜ ከቫን ናይስ በፍሪዌይ አውራ ጎዳና በመኪና እየተጎተትኩ መጥቼ ኮንትሮባንዲስት መሆን ደስ ይለኝ ነበር። ጋሼን አልወዳቸውም። ጨዋታውን እወደዋለሁ። ጥሩ ጠላ በቆሸሸ ዋንጫ እንደ መጠጣት ነው፤ የጠማው ሰው ይጠጣል።

የምንጫወተው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሎምፒክ መንገድ ዝቅ ብሎ ባለ ምግብ ቤት ጓዳ፣ የለስላሳ ካርቶንና የተደራረበ ወንበር መሀል ነበር። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ሳምቡሳ እስከገዛን ድረስ ምን እንደምናደርግ ጠይቀውን አያውቁም። በደህናው ጊዜ፣ ያ ፍቅረኛዬ ከሄደም በኋላ፣ አምስት ነበርን። አንዱ ቤት ርካሽ ነው ብሎ ላስ ቬጋስ ገባ። ሌላው ጌታን ተቀበለና ፓስተሩ የዳይስ ነገር ይቅርብህ አሉት። የቀረነው ጋሼ፣ እኔ፣ እና መንገደኛ ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ ሻትል የሚነዳ አንድ ሰውዬ ነን። ይህ ሾፌር «እንዳሉት ነው ጋሼ» ከማለት በቀር ሌላ ዓረፍተ ነገር አልፈጠረበትም።

ጋሼ ስብሰባ ጠሩ። ለሦስት ሰው ስብሰባ። ጋሼ ሊቀ መንበር፣ ሾፌሩ ጸሐፊ፣ እኔ ሰፊው ሕዝብ። ጨዋታው እንዳይሞት አዲስና ወጣት ተጫዋች መሳብ እንዳለብን ከገለጹልን በኋላ ሐሳብ ጠየቁን። እኔም መግቢያውን እንዝለለው፣ ልጆቹ በሚናገሩት እንግሊዝኛ በተቀላቀለበት አማርኛ እንጫወት፣ ገና እንደተቀመጡ አንድ አደጋ ውስጥ እንጣላቸው አልኩ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ሲጨፍኑ የሚያስቡ ይመስላሉ፤ የሚጠብቁት ግን እኔ የምጨርስበትን ጊዜ ነው።

«ጨዋታውን ወደ ልጆቹ ማውረድ አይደለም» አሉ። «ልጆቹን ወደ ጨዋታው ማንሣት ነው።»

«እንዳሉት ነው ጋሼ» አለ ሾፌሩ፣ ጻፈውም።

የመጀመሪያው ሥራ ማስታወቂያ ሆነ። ጋሼ ራሳቸው ጻፉት። «ለውድ ወጣቶቻችን የቀረበ የጠፈር ጉዞ ጥሪ» ይላል ከላይ፤ ከዚያ በታች ገጹን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ደቃቅ ጽሑፍ ነው። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው። የሰፈሩ ልጆች ግማሾቹ ፊደል አይለዩም፤ የቀሩት ቢለዩም እንደ መንግሥት አዋጅ የተጻፈ ነገር ቆመው አያነቡም። ይህን ስነግራቸው «ያንብቡ፣ ይማሩበታል» አሉ። ወረቀቱ በየሱቁ መስኮት ላይ በሚከራይ ክፍልና በሹሩባ ሠሪ ማስታወቂያ መሀል ተለጠፈ።

መጀመሪያ የደወሉት አንዲት እናት ናቸው። ጉዞው በፍራንክፈርት ነው ወይስ በዋሽንግተን የሚያልፈው፣ ሁለት ሻንጣስ ይፈቅዳል ወይ ብለው ጠየቁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ይዘጋ ነበር። ጋሼ ግን አድማጭ አገኙና ከፕላኔት ወደ ፕላኔት ስለሚፈጀው ነዳጅ ያስረዷቸው ጀመር። ሴትዮዋ በጨዋነት ሰምተው ሰምተው፣ ሰኔ ላይ ትኬቱ ይረክስ እንደሆነ ጠየቁ። ጋሼ ይህን ሲነግሩን ሕዝባችን ለሳይንስ ገና ነው ብለው አዘኑ። ሴትዮዋ ከእሳቸው የተሻለ የጉዞ ዕውቀት እንዳላቸው አልታያቸውም።

ቀጥለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ጌታን የተቀበለው የድሮ ጓደኛችን መቼም ልቡ ጥሩ ነው፤ ከወጣቶቹ መሪ ጋር አገናኛቸው። መሪው ጠባብ ሱሪ የለበሰ ትሑት ልጅ ነበር። በጨዋታው ውስጥ ጥንቆላና አጋንንት ይኖር እንደሆነ በትሕትና ጠየቃቸው።

«በእኛ ጨዋታ ጋኔን የለም» አሉ ጋሼ ተቆጥተው። «ያለው ጉምሩክ ነው።»

ከፕሮግራሙ በኋላ አምስት ደቂቃ ተፈቀደላቸው። አምስቷን ደቂቃ ማን እንደሆኑ፣ የት እንደተማሩ፣ ፋብሪካው ውስጥ ምን ምን ኃላፊነት እንደነበራቸው ተናገሩባት። ጨዋታው ላይ ሳይደርሱ ፓርኪንጉ ላይ ፒዛ መጣና አዳራሹ ባዶ ሆነ። ሾፌሩ ብቻ ቀርቶ አጨበጨበ።

ወጣት የተገኘው በጋሼ ድካም አይደለም። የእትዬ የእህት ልጅ፣ እኛ የእትዬ ልጅ የምንላት፣ ቅዳሜና እሑድ ምግብ ቤቱ ውስጥ ታስተናግድ ነበር፤ ሌላውን ቀን ኮሌጅ ትማራለች። ሳምቡሳ ስታመጣ ስትመልስ የምንለውን ትሰማለች። አንድ ቀን ሂሳብ ስከፍል፣ «ያ የምታደርጉት ነገር ፈን ነው ወይስ ሥራ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደ ቀኑ ነው አልኳት። መሞከር እንደምትፈልግና ሁለት ጓደኞች እንዳሏት ነገረችኝ፤ አንዱ ጫማ መሸጫ የሚሠራ ረጅም ልጅ፣ ሌላዋ ነርሲንግ የምትማር ባለ መነጽር ልጅ።

ለጋሼ ስነግራቸው ማስታወቂያው ሠራ አሉ።

ልጆቹ በመጡበት ቅዳሜ ጋሼ ሱፍ ለብሰው ጠበቁን። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አደረጉ። ከዚያ የጠፈርን ታሪክ ተናገሩ፤ የእውነተኛውን ሳይሆን በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን፣ ከጥንቱ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ጀምሮ። ልጆቹ እንግዳ እንደሆነ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሰሙ። በስተመጨረሻ ገጸ ባሕርይ ወደ መፍጠሩ ተደረሰ፤ ጉዱ የፈላውም እዚያ ላይ ነው።

በጋሼ የድሮ መጽሐፍ ደንብ ገጸ ባሕርይ ዝም ብሎ አይፈጠርም። ያሳለፈው ዕድሜ በሙሉ አንድ በአንድ በዳይስ ይወጣል፤ የት እንደተማረ፣ የት እንደዘመተ፣ መቼ እንደተሾመ፣ መቼ እንደቆሰለ። ዳይሱ ካልቀናው በዚሁ መሀል ይሞታል። የተረፈው ደግሞ ጨዋታውን የሚጀምረው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። እኛ ጎልማሶቹ ለምደነው ስለነበር ነገሩ እንግዳ መሆኑ ጠፍቶን ነበር። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩን ነው የታየኝ።

የእትዬ ልጅ ጉልበቷን የሚያማት፣ ሽማግሌ ለመባል ጥቂት የቀራት የመርከብ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነች። ባለ መነጽሯ ትንሽ ሻል ያለች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወጣላት። ረጅሙ ልጅ ጀግና ወታደር ሊሆን ደርሶ ነበር፤ ወዲያው ዳይሱ ከዳው።

«ሶ ገና ሳልጀምር ሞትኩ?» አለ።

«ከመጀመሪያው ትደግማለህ» አሉት ጋሼ።

«አንተ ግን ድጋሚ ሮል ማድረግ ትችላለህ፣ ራይት?» ሲላቸው ጋሼ ዳይሱን አስቀመጡ። ስለ አንተና ስለ አንቱ ልዩነት፣ ስለ ትሕትና፣ ስለ አስተዳደግ ማስተማር ያዙ። ልጁ ክፋት አልነበረበትም፤ ያደገው ሌላ ተውላጠ ስም ሳይሰማ ነው። ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ አፉን አልከፈተም።

የእትዬ ልጅ ብቻ አልተበገረችም። «ጋሼ፣ ወጣት መሆን አይቻልም?» ስትል ጠየቀች። «ካራክተሬ ማለቴ ነው።»

«ወጣት ምን ያውቃል?» አሉ ጋሼ።

ይህን ያሉት በስንት ማስታወቂያና በስንት ስብሰባ ለጠሯቸው ሦስት ወጣቶች ነው። የጋሼን ፊት አየሁ፤ ምን እንዳሉ አልገባቸውም። ልጆቹ ሳምቡሳቸውን ጨርሰው፣ አመስግነው፣ ጠፈር የምትባል ነገር ሳያዩ ሄዱ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላቸውም አሉ። ሾፌሩ ምን እንዳለ መናገር አያስፈልገኝም።

በሳምንቱ የእትዬ ልጅ ቴክስት አደረገችልኝ። ሌክቸሩን ትተሽ አንቺ ማጫወት ትችያለሽ ወይ ትላለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በባለ መነጽሯ እናት ሳሎን ተቀጣጠርን። እናትየው ዳይሱን አይተው ትንሽ ከበዳቸው፤ ብር እንደማይያዝበት ሲያረጋግጡ «እንግዲያው ጌታ ይባርካችሁ» ብለው ሶፋውን ለቀቁልን። የጋሼን መጽሐፍ አልያዝኩም። ደንቡን ባንድ ገጽ አሳጥሬ ነበር የመጣሁት። እንደተቀመጡ፣

«መንኮራኩር ውስጥ ናችሁ» አልኳቸው። «ሞተሩ ተቃጥሏል። ሦስት ሰው ናችሁ፤ ያለው አየር ለሁለት ነው። ምን ታደርጋላችሁ?»

ተያዩ። ረጅሙ ልጅ «ዌይት፣ ለሁለት?» አለ። ከዚያ በኋላ እኔን የሚሰማ አልነበረም፤ ማን ይተርፋል፣ ማን ይሙት፣ ማን አስቀድሞ አየሩን ደብቋል እየተባለ ሳሎኑ ተናወጠ። እናትየው ከኪችን ወጥተው የሚሞተው ማን እንደሆነ ጠየቁ።

ወጣት ስለሆኑ ብቻ ብልህ ናቸው ብዬ አልዋሽም። ረጅሙ ልጅ በየፕላኔቱ ያገኘውን ሰው ሁሉ መተኮስ ይፈልጋል። አንዷ ዳይስ በጣለች ቁጥር ፎቶ ታነሣለች። መንኮራኩሯን በአንድ የጥብስ ዓይነት ስም ሰየሟት፤ ብለምናቸውም አንቀይርም አሉ። የሠራሁላቸውን ረቂቅ የፖለቲካ ሴራ ትተው አንድ የጠፈር አህያ ለመግዛት ሙሉ እሑድ ፈጁ። ግን እሑድ ሲመጣ ይመጣሉ። ያልተጠሩ የአክስት ልጆችና የክፍል ጓደኞች ይዘው ይመጣሉ። ከጎረቤት ወንበር መዋስ ጀመርን።

ይህ ለጋሼ ጆሮ ደረሰ። ሳይጠሩ ሾፌሩን አስከትለው መጡ፤ ሱፉን ለብሰዋል። እኔ በሩ ላይ ላስቀራቸው ተነሣሁ። የእትዬ ልጅ ግን «ና ግባ ጋሼ» አለቻቸው፤ አንተና ጋሼን አንድ ላይ፣ እንደ ልማዷ። ያን ቀን በጨዋታው ልጆቹ የሚፈለግ ስደተኛ መርከባቸው ውስጥ ደብቀው የአንዲት ትልቅ ፕላኔት ጣቢያ ላይ ደርሰው ነበር። ጋሼን ዝም የማሰኛ ዘዴ ቢቸግረኝ፣ የጣቢያው ጉምሩክ መኮንን ይሁኑልን አልኳቸው።

እዚህ ላይ የሆነውን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ወረቀት ቀስ ብለው አደላደሉ። ማንንም ሳያዩ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ፓስፖርት» አሉ።

 ረጅሙ ልጅ የሌለ ፓስፖርት ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው፤ ተቀብለው የሌለውን ገጽ አገላበጡ፤ ወደ ኋላ ተመልሰው አንዱን ገጽ ደግመው አዩት። «ሻንጣውን ራስህ ነህ ያሸግከው?» አሉት። «እዚህ ማን ነው የሚቀበልህ? ከተዋወቃችሁ ስንት ጊዜ ሆነ?» ሁሉን ሰው የሚተኩሰው ልጅ ተንተባተበ። የእትዬ ልጅ ገብታ ስለ ታማሚ አክስቷ አንድ ውሸት ዋሸች፤ ጋሼ የአክስቷን በሽታ፣ የሐኪሙን ስም፣ መድኃኒቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ጠየቋት። ድምፃቸውን አንዴም ከፍ አላደረጉም። እነዚያ ልጆች ስልካቸውን ረስተው ትንፋሻቸውን ይዘው ሲያዩዋቸው፣ እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ይህ ሁሉ ውስጣቸው ነበር። ይህን ይዘው ነው ስንት ዓመት ስለ ነዳጅ ሲሰብኩን የኖሩት።

ግን አልዘለቁም። ትንሽ ቢቆዩ ልጆቹ የእሳቸው ይሆኑ ነበር። ይልቅ ተነሡ፤ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፤ «እንግዲህ ወጣትን የመሳብ ዘዴ ማለት ይህ ነው» ብለው ወደ ንግግር ገቡ። ሾፌሩ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ይቀርጽ ጀመር። ስለ ትውልድ መተካካት፣ ስለ አደራ፣ ስለ ችቦ ተናገሩ። ልጆቹ ወደየስልካቸው ተመለሱ። የእትዬ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ «ጉምሩኩን አልፈናል?» ብላ አንሾካሾከች።

«እያወሩ ናቸው» አልኳት። «እለፉ።»

አለፉ። ስደተኛውን ይዘው፣ አህያዋን ጨምረው አለፉ። ጋሼ ንግግራቸውን ጨርሰው ሲቀመጡ ልጆቹ ፕላኔቷ መሀል ገብተው ምሳ ይፈልጉ ነበር። ምን እንዳመለጣቸው ማንም አልነገራቸውም፤ አልጠየቁምም።

ጥቂት ቆይቶ ከሥራ ስመለስ፣ ፍሪዌዩ ቆሞ እኔም አብሬ ቆሜ፣ የሐበሻውን ኮሚዩኒቲ ሬዲዮ ብከፍት የጋሼ ድምፅ ነው። ጠያቂው ወጣቶችን እንዴት ሊስቡ እንደቻሉ ይጠይቃል፤ እሳቸው «የወጣት መሳቢያ ነጥቦች» ብለው ይዘረዝራሉ። አንደኛ ራእይ፣ ሁለተኛ ዲሲፕሊን። የእትዬ ልጅ የለችበትም፤ ሳሎናቸውን የሰጡን እናትም የሉበትም። እኔ «ከረዳቶቻችን አንዷ» በሚለው ውስጥ ሳልኖር አልቀርም። የመኪናዬን መሪ ጨብጬ ብቻዬን ስቄያለሁ፤ የሳቁ ዓይነት ግን ጥሩ አልነበረም።

ለእትዬ ልጅ አሰማኋት። ትናደዳለች ስል፣ የገረማት ቃሉ ነው። መሳቢያ የምታውቀው ማንኪያ የሚቀመጥበትን የኪችኑን ብቻ ነበር። «ወጣቱን ፎልድ አድርገው ሊያስገቡት ነው?» አለች። እሑድ ለሁሉም ነገረቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ሲያረፍድ «መሳቢያ ውስጥ ነው» ይባላል።

ከሬዲዮው በኋላ የኮሚዩኒቲው ሰዎች የጋሼን ወጣቶች ማየት ፈለጉ፤ ፎቶ አንሺ ይዘን እንምጣ አሏቸው። ጋሼ ደወሉልኝና ለአንድ ቅዳሜ ብቻ ጥቂት ልጆች ላኪልኝ አሉ፤ ስኳር እንደሚበደር ጎረቤት። የሰው ልጅ አልልክም፣ ራስዎ ይጠይቋቸው አልኳቸው። ጠየቋቸውም፤ ያንኑ ዕለት ማታ ደስ ብሏቸው መልሰው ደወሉ።

«ሁሉም እሺ አሉ» አሉኝ።

«እንዴት ብለው ነው እሺ ያሉት?» አልኳቸው።

«በጣም በጨዋ ደንብ። አንዱ እንዲያውም ‹እሺ ጋሼ፣ ችግር የለም፣ እናያለን› ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው አይመጡም» አልኳቸው።

ከዚህ ሕዝብ ጋር ከእኔ ይበልጥ የኖሩት እሳቸው ናቸው፤ እናያለን ምን ማለት እንደሆነ ሊጠፋቸው ባልተገባ ነበር። ቀናተኛ ነሽ አሉኝ፤ ስልኩን ዘጉት።

ቅዳሜውን እኔ አልነበርኩም፤ የሆነውን ያወሩልኝ እትዬ ናቸው። ጋሼ ቀደም ብለው መጥተው ወንበሮቹን ደረደሩ፣ ሁለት ሰሃን ሙሉ ሳምቡሳ አዘዙ። ፎቶ አንሺው መጣ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከሳምቡሳው በላ፣ ሌላ ሠርግ አለብኝ ብሎ ሄደ። ጋሼና ሾፌሩ ሁለቱ ቀሩ። ከዚያ ጋሼ ተነሥተው ኮታቸውን ቆልፈው የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግራቸውን ለባዶዎቹ ወንበሮች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደረጉት፤ ሾፌሩም በየመሀሉ አጨበጨበ። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ላዝንላቸው ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። የተረፈው ሳምቡሳ የት እንደደረሰ ጠየቅኋቸውና ለልጆቹ ይዤላቸው ሄድኩ።